ማስተካከያ፦ ስለ ባሕር ቀንድ አውጣዎች ዝምድና

በአቃቂ ዳርቻ ለሚገኙ የሥነ ሕይወት ክበብ አባላት በታደለው ጽሑፍ፣ ከባሕር ዓለት ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ቆብ መሰሉ ሊምፔት፣ በክረምት የጓሮ ጎመናችንን ከሚበላው የየብስ ቀንድ አውጣ ጋር የቅርብ ዘመድ እንደሆነ የተገለጸው ይታረም። የእንስሳት ሚቶኮንድሪያ (ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) በተለምዶ 37 ጂኖች ሲይዝ፣ በእነዚህ ሁለት ወገኖች ግን የጂኖቹ ቅደም ተከተል እጅግ የተለዋወጠ፣ የለውጡም ፍጥነት ከፍተኛ በመሆኑ፣ የዘር ሐረግ ስሌቱ ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች (ፈጥነው የተለወጡትን ወገኖች) የቅርብ ዝምድና ሳይኖራቸው አንድ ላይ ያጣምራቸዋል፤ ይህ በዘርፉ የታወቀ ወጥመድ ነው። በርካታ የኒውክሊየስ (የሕዋስ አስኳል) ጂኖችን ያነጻጸሩ ጥናቶች ሊምፔትን አባሎኒ የተባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ወዳለበት ወገን ያቀርቡታል። አገልግል የሚጌጥበት ዛጎልና ኮነስ የተባለው መርዘኛ የባሕር ቀንድ አውጣ በአንድ ሰፊ ወገን ውስጥ እንደሚመደቡ የተጻፈው ግን፣ የጂን ቅደም ተከተላቸው ብዙም ስላልተለወጠ፣ እንዳለ ይጸናል።