እድሜ ለፌስታል

የሞተሩ ወንበር ሲቀደድበት ወደ ወንበር ሰፊ ቤት የሚሮጥ ሰው አለ ይባላል። እስካሁን አላጋጠመኝም። እኛ ዘንድ ወንበር ሲቀደድ የሚኬደው ወደ ሱቅ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ይገዛል። ስኳሩ ቤት ይገባል፣ ፌስታሉ ወንበር ላይ ይወጣል። ሁለቱ ማንጠልጠያዎች ከሥር ጥብቅ ተደርገው ይቋጠራሉ። በቃ፣ ጥገናው አለቀ።

ይህን ጥበብ መጀመሪያ ያሰበው ሰው ቢታወቅ ሐውልት ይገባው ነበር። ከሶዶ እስከ ዲላ፣ ከጅማ እስከ ጋምቤላ፣ ሞተር ሰው በሚያመላልስበት ከተማ ሁሉ ደቀ መዛሙርት አፍርቷል። ተራ ይዘው የቆሙትን ሞተሮች ወንበራቸውን ብቻ እያያችሁ እለፉ። ጥቁር ፌስታል፣ ሰማያዊ ፌስታል፣ «እናመሰግናለን» የሚል የታተመበት ፌስታል። ይሄ የመጨረሻው በጣም ጨዋ ነው። ገና ሳትሳፈሩ ያመሰግናችኋል።

አላዋቂ ሰው ፌስታሉ የሚታሰረው ዝናብ እንዳይገባ ይመስለዋል። ዝናቡማ ድሮ ገብቷል። በቀዳዳው ገብቷል፣ በስፌቱ መርፌ መውጊያ ገብቷል። ስፖንጅ እንደሆነ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል፣ እምቢ ማለት አያውቅም። አሁን የፌስታሉ ሥራ ውሃው እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ፀሐይ መጥታ ስፖንጁን እንዳታደርቅብን ይከላከላል። በደቡብ ደግሞ በልጉም ክረምቱም ይዘንባል። የበልጉ ውሃ ሳይደርቅ የክረምቱ ይደርሳል። እንዲህ ያለ የውሃ አያያዝ በየግድቡም አይገኝ።

አንድ ቀን ተራው ጋ ቆሜ ያየሁትን ላውጋችሁ። እማማ ገበያ ሊሄዱ መጡ።

«ልጄ፣ ወንበሩ እርጥብ ነው እንዴ?»

«ኧረ ደረቅ ነው እማማ! ይንኩት እስቲ።»

ነኩት። ደረቅ ነው። ፌስታል መቼም ከላይ ሲነኩት ደረቅ ነው። ተቀመጡ። ስፖንጁ ተጨመቀ፣ ውሃው ቀዳዳውን አገኘ፣ ቀዳዳው ቀሚሳቸውን አገኘ። እማማ ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ። ሞተሩ ግን ተነስቷል። ገበያው በር ላይ ወርደው ሂሳብ ሲከፍሉ፣ ነጠላቸውን ከኋላ ወደ ታች ሳብ አድርገው፣ «እግዜር ይስጥህ» ብለውት እንደሄዱ ቆይቶ ባለሞተሩ ራሱ ነገረኝ። ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። ትሕትናን በዚህ ዋጋ የሚያስተምር ሌላ ተቋም ካለ ጠቁሙኝ።

ባለሞተሩስ ምን ላይ ተቀምጧል? እሱማ አጎዛ ላይ ነው። ጸጉሩ ለስለስ ያለ፣ የበዓል በግ አጎዛ። ወንበር አንድ፣ ሁኔታው ሁለት፤ ከፊት አጎዛ፣ ከኋላ ፌስታል። ይህን ክፋት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የሥራ ክፍፍል እለዋለሁ። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይረጥባል።

«ወንበር ማሠራት ውድ ነው» ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ኑሮ ተወዷል። ግን ሞተሩን ከፊት ጀምራችሁ ተመልከቱት። ስፖኪዮው ላይ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል። ፍሬቻው ቀለሙን እየቀያየረ ይጨፍራል። ክላክሱ የአምቡላንስ ድምፅ አለው። ታንከሩ ሥር ስፒከር ተገጥሟል፣ ፓራፋንጎው ላይ የአርሴናል ዓርማ ተለጥፏል። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ለወንበር የሚተርፍ ከየት ይምጣ? ደሞም ክላክስ ይሰማል፣ መብራት ይታያል። ስፖንጅ ምን ያደርጋል? ተሸፍኖ የሚኖር ነገር ነው።

አንዳንዱ ግን ይፈተናል። በዓል ሲቃረብ ሞተሩን እየገፋ ሰፊው ጋ ይሄዳል።

«ልብሱን ቀይርልኝ። ጥቁር በቀይ አድርግልኝ።»

ሰፊው በመዳፉ ጫን አድርጎ ያየዋል። «ወንድሜ፣ ስፖንጁ አልቋል። አንድ ላይ ብንቀይረው ይሻላል።»

«ስፖንጁን ማን ያየዋል?»

ሰፊው ዝም ይላል። ምን ይበል? ከልምድ ያውቀዋል። ጥቁር በቀዩን ሌዘር በአሮጌው ላይ ደርቦ፣ ከሥር በስቴፕለር ጠቅ ጠቅ አድርጎ ያስረክባል። ባለሞተሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ያደንቃል። ፎቶ ያነሳል። በማግስቱ የተሳፈረ ሰው ጥቁር በቀዩ ላይ ተቀምጦ ቀጥታ ከስፖንጁ ሥር ያለው ፕላስቲክ ላይ ያርፋል። ኮብልስቶኑን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ታጥቦ ጭቃ ይሉታል ክፉ ሰዎች። እኔ ክፉ አይደለሁም። ውበት መሥዋዕትነት ይጠይቃል፣ መሥዋዕቱም ኋላ ተቀምጧል።

የስቴፕለሩ ነገር ለብቻው ሊወደስ ይገባል። ሽቦው ከፕላስቲኩ ውፍረት ከረዘመ ጫፉ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ስፖንጅ ድሮ በነበረ ጊዜ ጫፉ እዚያው ውስጥ ይቀበር ነበር። ዛሬ ስፖንጁ ስለሌለ ከተሳፋሪው ጋር በቀጥታ ይተዋወቃል። እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ሞክሩት።

ለመሆኑ በዚህ ዓይነት ስንት ልብስ ይደረባል? አንድ ያረጀ ቦክሰር ሞተር ወንበሩ ሲገለጥ አይቻለሁ። ከላይ ፌስታል። ከሥሩ ቀይ ሌዘር። ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት። ከሥሩ የጎማ ካላማዳሪ። ከዚያ በታች ፋብሪካው ያለበሰው ጥቁሩ ልብስ፣ ፀሐይ አድርቆት እንደ ብስኩት እየተፈረፈረ። የመሬት ቁፋሮ ባለሙያ ቢጠራ የባለቤቶቹን ታሪክ በየዘመኑ ይጽፍልን ነበር።

አንዳንድ ሰነፍ ግን ሥራውን በአግባቡ ያሠራል። እንዳትከተሉት ልንገራችሁ። ወንበሩን ይፈታል። የድሮውን ሽቦ አንድ በአንድ ይነቅላል። ስፖንጁን ፀሐይ ላይ ያደርቃል። የሞተውን ክፍል በቢላ ቆርጦ አዲስ በማስቲሽ ይለጥፋል፣ ጠርዙን አስተካክሎ ይከረክማል። በስፖንጁና በልብሱ መሃል ላስቲክ ያነጥፋል። አያችሁ፣ እሱም ላስቲክ ይጠቀማል፤ ግን ማንም በማያየው ቦታ! ሌዘሩን ፀሐይ ላይ አሙቆ፣ መጀመሪያ ከፊትና ከኋላ፣ ከዚያ ከጎንና ከጎን ወጥሮ ይመታል። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግማሽ ቀን ሙሉ ሞተር አቁሞ ወንበር! ምን ያለ ቅንጦት ነው!

የመንግሥት ሞተር ዘንድ ይህ ስህተት አይፈጸምም። የወረዳው ሞተር ወንበር ሲቀደድ የግዢ ጥያቄ ይጻፋል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ፕሮፎርማው እስኪሰበሰብ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጥያቄው እንደገና ይጻፋል።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል ጥበባችን ከዋና ከተማው ይጠፋል ብዬ ሰግቼ ነበር። ዴሊቨሪዎች ደረሱልን። እነሱ ደግሞ የኋላውን ቀዳዳ በምግብ ሳጥን ሸፍነው ገላገሉን። በርገር ረጠብኩ ብሎ አያማርርም።

ሌላም ወገን አለ፣ ሳይመሰገን መቅረት የለበትም። አዲስ ሞተር ገዝቶ የፋብሪካውን ላስቲክ የማያነሳው ነው። «እንዳይቆሽሽ» ይላል። ላስቲኩ ሱሪ ያንሸራትታል፣ ላብ ያጠራቅማል፣ ብጥስጥስ ብሎ በነፋስ ይውለበለባል። አይነሳም። ላስቲኩ ተበጣጥሶ ሲያልቅ ወንበሩም ከሥር አልቆ ይገኛል። ያን ጊዜ ፌስታል ይታሰራል። በላስቲክ ተወልዶ በፌስታል የሚያረጅ ወንበር፣ አንድ ቀን እንኳ አየር ሳይነካው።

ሰሞኑን ያሳሰበኝ ግን ሕጉ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረት፣ እንዳይገባም ብሎ ነበር። እኛ አልደነገጥንም። በዚያው በቀጭኑ ቀጠልን። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን ጭራሽ የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ፣ ቅጣትም አለው። ስለ አፈሩ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቦዩ ታስቧል። ስለ ሞተር ወንበር ግን ያሰበ የለም።

ተራው ጋ ሄጄ እንዴት ልትሆኑ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አንደኛው ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ የማዳበሪያ ከረጢት አለ አይደል? ውስጡ ላስቲክ፣ ውጪው ጆንያ። ሁለት በአንድ!»

አስቦበታል። ዩሪያውን ለተሳፋሪ መድቦታል። አጎዛው ግን አዋጅ እስኪወጣበት ድረስ ከፊት ንቅንቅ አይልም።