ረቂቁ ኮርሱን ለሚያስተምረው መምህር ይድረሰው

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ጥቂት አይደሉም። የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ የፍላጎት ዳሰሳ አድርጎ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ መምህራን በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ይወያዩበታል፤ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችና ከቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች የተጋበዙ ባለሙያዎች ይገመግሙታል፤ ከዚያም በኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን በኩል አልፎ ሴኔቱ ያጸድቀዋል። ይህን ሁሉ ዓይን አልፎ የሚሄድ ስሕተት ይኖራል ብሎ ለማመን ያስቸግራል፤ ግን ይኖራል። የትምህርት ክፍሉ የውጭ ገምጋሚዎች ያርሙታል ብሎ ያሳልፋል፣ ገምጋሚዎቹ ባለቤቶቹ ያውቁታል ብለው ይተዉታል፣ ሴኔቱም ባለሙያዎች አይተውታል ብሎ ያጸድቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ ገምጋሚነት ተጋብዤ ያየሁት የስታቲስቲክስ ረቂቅ ከመቶ ገጽ በላይ ነበር፤ የደረሰኝም በግምገማው ዋዜማ ማታ ነው። በማግሥቱ እስከ ምሳ ሰዓት የተከራከርነው ስለ ኮርስ ኮድ አሰጣጥና ስለ ዲግሪው ስያሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ሊዘጋ ሲል አንዲት ወጣት መምህርት እጇን አወጣችና፣ የናሙና አወሳሰድ ኮርስ ቅድመ ሁኔታው ከሆነው የፕሮባቢሊቲ ኮርስ ጋር በአንድ ሴሚስተር መመደቡን አሳየችን። ተማሪው ገና ያልወሰደውን ኮርስ እንደጨረሰ ተቆጥሮ ሊማር ነበር። ኮርሱን የምታስተምረው እሷ ናት፤ ረቂቁን ያገኘችው ግን በዚያው ጠዋት ነው። ሰነዱ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢደርሳት ኖሮ እኛ ገምጋሚዎች ሳንጠራ በፊት በተስተካከለ ነበር።

ጉዳዩ በክሬዲት ሰዓት ሽሚያ ሲታይ ደግሞ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ፣ የትምህርት ክፍሎች የሙያ ኮርሶቻቸውን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እንደገና መደርደር ነበረባቸው። አንድ ኮርስ ሲገባ ሌላው መውጣት ወይም መጥበብ አለበት፤ የባልደረባን ኮርስ ፊት ለፊት «ይውጣ» ማለት ግን ለማንም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሁለት ኮርሶች በአንድ ስም ተጣምረው ይዘታቸው ሳይቀነስ ያልፋሉ፤ ጫናው በተማሪው ላይ ያርፋል። በጉባኤው መካከል የሚነሣው ትልቁ ጥያቄ ይህ መሆን ሲገባው፣ በትሕትና የምናልፈውም ይህንኑ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተናም ሌላ ጥያቄ አስነሥቷል። ፈተናው የሚሸፍናቸው ኮርሶች አስቀድመው ስለሚታወቁ፣ አዲስ ኮርስ ይግባ ሲባል «ፈተና ላይ አይመጣም» የሚል መልስ መስማት የተለመደ ሆኗል። ፈተናውን አልቃወምም። እንዲያውም ተማሪዎች በየትኛው ኮርስ እንደደከሙ ተዘርዝሮ ለክለሳ ኮሚቴው ቢቀርብ፣ ከማንኛውም የፍላጎት ዳሰሳ መጠይቅ በላይ ይጠቅማል። የማይገባኝ፣ የሥርዓተ ትምህርቱን ይዘት የመወሰን ሥልጣናችንን ማንም ሳይጠይቀን ለፈተናው አሳልፈን መስጠታችን ነው።

ማስተካከያው አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አይደለም፤ ኮሚቴስ በቂ አለን። ረቂቁ ከትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ለእያንዳንዱ መምህር ይድረስ፤ እያንዳንዱም ስለሚያስተምረው ኮርስ፣ ስለ ቅድመ ሁኔታው፣ ስለ መጽሐፉና ስለ ቤተ ሙከራው አስተያየቱን በጽሑፍ አቅርቦ ይፈርም። ለሴኔቱም «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር እነዚህ አስተያየቶችና የተሰጡት ምላሾች ተያይዘው ይቅረቡ። ያልተያያዙለትን ረቂቅ ሴኔቱ ከአጀንዳው አውጥቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያስተላልፈው፤ የምዝገባ ጊዜ ደርሷል የሚለውን ምክንያትም አይቀበል።