ማሳከክ «ቀለል ያለ ሕመም» አይደለም
ስለ ማሳከክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ በውስጡ «ማሳከክ ቀለል ያለ ሕመም ነው» የሚለው ግን ቢታረም ጥሩ ነው። ድሮ በእርግጥ ማሳከክ ደከም ያለ የሕመም ስሜት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት ግን በሕብለ ሰረሰራቸው ጂአርፒአር የተባለው ተቀባይ (በነርቭ ሴል ላይ ሆኖ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን) የሌላቸው አይጦች ማከካቸው በጣም ሲቀንስ ለሕመም የሚሰጡት ምላሽ ግን አልተለወጠም። ሁለቱ አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ አንዱን ቀንሶ ሌላውን እንዳለ መተው እንዴት ይቻላል?

ስናክክ የሚቀለን ለምን እንደሆነም ትንሽ ልጨምር። ጥፍራችን ቆዳ ላይ መጠነኛ ሕመም ይፈጥራል። ያ ምልክት ሕብለ ሰረሰር ሲደርስ እዚያ ያሉ አጋጅ የነርቭ ሴሎችን ይቀሰቅሳል፤ እነሱም የማሳከኩ መልእክት ወደ አንጎል ሳያልፍ ያዳክሙታል። ከእነዚህ አጋጅ ሴሎች የተወሰኑት የጎደሏቸው አይጦች ቆዳቸው እስኪቆስል ድረስ ያክካሉ።

ተቃራኒውም አለ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ይሄ ነው። በወገብ በኩል በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ሞርፊን የተባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሲሰጥ ሕመሙ ጸጥ ይላል፣ ብዙ ሰው ግን ፊቱንና አፍንጫውን ያሳክከዋል። አለርጂ እየመሰላቸው የሚደነግጡ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አለርጂ አይደለም። የተለመዱት የአለርጂ መድኃኒቶችም ብዙ የማይረዱት ለዚህ ነው።

የኩላሊት ሕመምተኞችን እንቅልፍ የሚነሳውን ማሳከክ በተመለከተም ብትጽፉልን ደስ ይለኛል። «ቻለው» እየተባለ ብቻ የሚታለፍ ሰው በጣም ብዙ ነው።