በቦታው ሳትገኙ ላጽናናችሁን ሁሉ

የአዳማ ሰው ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት ላልቷል እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች እየበዙ መጥተዋል። እነዚህ ሰዎች ወይ ስልክ የላቸውም፣ ወይ የዳታ ጥቅላቸው አልቆባቸዋል። እኔ ግን በአንድ የሰፈር ዕድር ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት በጸሐፊነት ያገለገልሁ በመሆኔ የምናገረው በወሬ ሳይሆን በመዝገብ ነው፤ መዝገቡም የሚመሰክረው ሕዝባችን የዛሬውን ያህል ተገናኝቶ እንደማያውቅ ነው።

የስም መቆጣጠሪያ መዝገባችን ቀድሞ ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው፤ «ተገኝቷል» እና «ቀርቷል»። በዚያ ጨለማ ዘመን የዕድር አባል ከሁለቱ አንዱን ከመሆን በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ ለቀብር የወጣ ይመዘገባል፣ የቀረ ይቀጣል። ባለፈው ዓመት ግን ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ (ምልዓተ ጉባኤው የተሟላው በቴሌግራም ነበር) ሦስተኛ ዓምድ እንዲጨመር በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ዓምዱ «በቴሌግራም ተገኝቷል» ይባላል። እኔም በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ አሰመርሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድራችን የሚቀር ሰው የለውም ማለት ይቻላል።

ለወጣት አንባቢዎች ሲባል የቀድሞውን ሥርዓት ማስታወስ ይገባል። ሞት የሚነገረን በጡሩምባ ነበር። ጡሩምባ ነፊው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ የውሻውን ጩኸት እየታገሠ ከመንገድ መንገድ ይዞርና፣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ነፍቶ «ዕድርተኛ እገሌ አርፈዋል፤ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ያልሰማህ ስማ!» ይላል። የዚህ ሥርዓት ጉድለት ግልጽ ነው፤ አልሰማሁም ማለት አይቻልም። አቧራ ማመላለስ የማይታክተው የአዳማ ነፋስ ራሱ ድምፁን ተሸክሞ በመስኮትህ ያስገባልሃል። ቴሌግራም ከዚህ ግፍ ገላግሎናል። የቡድኑን ድምፅ ለዘለዓለም መዝጋት ይቻላል፤ ዘግቶም የተከበረ አባል ሆኖ መኖር ይቻላል። ነፊያችን ዛሬ ጡሩምባውን ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ ጋር ዕቃ ቤት አስገብቶ፣ በምትኩ ጠዋት ጠዋት ጽሑፍ ይለጥፋል። «ሳንባዬ አረፈ» ይላል። የእኛም ጆሮ አርፏል።

የሐዘናችን ፍጥነት ደግሞ የሚደነቅ ነው። ቀድሞ ልቅሶ ለመድረስ ነጠላ ማዘቅዘቅ፣ ባጃጅ መጠበቅ፣ ደጃፉ ላይ ሲደርሱም ምን እንደሚሉ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በተለጠፈ በደቂቃ ውስጥ የተጋጠሙ እጆች፣ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶችና የበሩ ሻማዎች ይጎርፋሉ። እንባው ከፊቱ ጋር ተሠርቶ የመጣ ስለሆነ የእኛ ዓይን አይደክምም። እርግጥ ነው፣ ፍጥነት ባለበት ጥቃቅን እንቅፋት አይጠፋም። አንድ የተከበሩ አባል ጽሑፉን ሳያነቡ የሟችን ፎቶግራፍ ብቻ አይተው «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ለበለጠው ያብቃችሁ» ብለው ጻፉ። ሰባት ሰዎች ከሥር «አሜን» አሉላቸው። ባለፈው ክረምት ደግሞ በስም መመሳሰል ምክንያት አንድ በሕይወት ያሉ አባላችንን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ገድለናቸው ነበር፤ እሳቸውም ከሌሎቹ ጋር አብረው «ነፍስ ይማር» ብለዋል። ከገዛ ሞታቸው እንኳ ያልቀሩ አባል በየትኛው ዕድር ይገኛሉ?

አዲሱን ዓምድ ለመሙላት እንኳ ጊዜ ላጡ ሰዎችም መላ አልጠፋም። የቀብር ቅጣት ቀድሞ የሚከፈለው በወሩ ስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት፣ አንገት ተደፍቶ ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ቅጣቱ ከሶፋ ሳይነሡ ይከፈላል፤ ማረጋገጫውም በመልእክት ይመጣል፤ ማፈር የሚባለው ወጪ ከሒሳቡ ወጥቷል። አንድ ነጋዴ አባላችን የዓመቱን ቅጣት በመስከረም ወር አጠቃልለው ከፍለዋል። ማን እንደሚሞት ሳያውቁ ከሁሉም ቀብር እኩል ለመቅረት መወሰናቸው ምን ያህል አድልዎ የሌለባቸው ሰው መሆናቸውን ያሳያል።

አፄ ምኒልክ ስልክን ወደ ቤተ መንግሥታቸው ባስገቡ ጊዜ አንዳንድ ካህናት «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው መቃወማቸው ይነገራል። ያስደነገጣቸው ሰውየው ሳይኖር የሚሰማው ድምፅ ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ ባለው ጊዜ ውስጥ እኛ ሰውየውም ድምፁም ሳይኖር መጽናናት ችለናል፤ ሰይጣን ራሱ ይህን ያህል አላሰበም።

ይህን ሥልጣኔ ያላገኘው የገጠሩ ወገናችን ግን ያሳዝናል። ከአዳማ በአዋሽ በኩል ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያወሩት ነገር አለ። በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ቆመው፣ ሲሻቸውም ተቀምጠው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ታመመውና ስለ ሞተው፣ መንገድ ላይ ስለታየው እንግዳ ሰው ሁሉ ይጠያየቃሉ። ወሬውን ያመጣው ሰው በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፤ የሰማው ከሆነም ከማን እንደሰማው ይጠየቃል። ይህ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አስቡት! እኛ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው ገድለን፣ አልቅሰንለት፣ ይቅርታ ጠይቀን ልናስነሣው እንችላለን። የአዳማ ዙሪያ ገበሬም ከዚህ አይሻልም። ሰላምታው ብቻ የአንድ ባጃጅ ወረፋ ያህል ይረዝማል፤ የራሱን ጤንነት፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የጎረቤቱን አንድ በአንድ ጠይቆ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ያው ጤንነታችን ሆኖ ይገኛል።

ከገጠሩ ጋር አንገናኝም የሚለን ሰው ካለ ግን ስማችንን እያጠፋ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ የተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ለምን ተሠራና ነው? በግራም በቀኝም ታጥሮ፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር ይዞ፣ በእርሻው መሐል ያልፋል። ገበሬው ከአጥሩ ወዲያ ከበሬዎቹ ጋር ቆሞ ያየናል፤ እኛም በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየበረርን እናየዋለን። ከዚህ የበለጠ ምን መተያየት አለ? እሱ ማዶ ያለ ዘመዱን ለመጠየቅ ሲያስብ ከሥር የተሠራውን መተላለፊያ እስኪያገኝ ድረስ ከብቱን እየነዳ በአጥሩ ጥግ ይሄዳል። ግንኙነት ዋጋ ያስከፍላል፤ እኛም ብንሆን መውጫው ላይ እንከፍላለን።

ከመኪናው ወርደው እግራቸውን አፈር የሚያስነኩ ጀግኖችም አሉን። አንድ ወዳጄ ዓመት ሙሉ ለአክስቱ ስልክ «ኔትወርክ የለም» የሚል ምክንያት ሲያቀርብ ከቆየ በኋላ፣ በኅዳር ወር ዴራ አካባቢ ወዳለው ቤቷ ይዞኝ ሄደ። ኔትወርኩ በሚያስገርም ሁኔታ ሙሉ ነበር። አክስት ትኩስ ወተት በጣሳ አቀረበች። ወዳጄ ወተቱን ከላይ፣ ከጎን፣ ከዚያም ጣሳውን ወደ ብርሃን አዙሮ ፎቶግራፍ አነሣው። ሲያነሣው ሲያነሣው ሰፈፈ። ከዚያ ሞፈር ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በሬ አቅፎ፣ በመጨረሻም አክስቱን አቅፎ ተነሣ፤ ከሥሩም «ሥሬን አልረሳሁም» ብሎ ጻፈ። አክስት ይህን ሁሉ ለማን እንደሚያሳይ ጠየቀችው።

«ለወዳጆቼ ነው፣ እትዬ» አላት።

«ብዙ ናቸው?»

«አምስት ሺህ ሞልተዋል። ከዚያ በላይ ፌስቡክ ራሱ አይፈቅድም።»

አክስት ገረማት። በደጇ ያለውን ቢጫ የጤፍ ማሳ ተመለከተች፤ ከዚያ መኪናችንን ተመለከተች። «ታዲያ አምስት ሺህ ሰው እያለህ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ለምን መጣህ፣ ልጄ? ጤፉ እኮ አልታጨደም» አለች። ወዳጄ ሳቀ። ቅቤውንና ሁለቱን ዶሮዎች ጭነን ተመለስን።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ባለፈው የካቲት ስለተፈጸመ አንድ ቀብር ለማውሳት ነው። ሟቹ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጡረታ የወጡ አባታችን ነበሩ፤ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር በአገዳው መሐል ይሯሯጡ እንደነበር ማውራት ይወዱ ነበር። ማስታወቂያው ሌሊት ተለጠፈ። በማለዳው «አብረን ነን»፣ «ከጎናችሁ ነን» የሚሉ መልእክቶች ስልኬን ሲያንቀጠቅጡት ዋሉ። ድንኳን ለመትከል ቢያንስ አሥር ሰው ያስፈልጋል። ከጎናችን የነበሩት ከመቶ ያላነሱ ሲሆኑ፣ ምሰሶውን የያዝነው ግን ሊቀመንበሩን፣ ነፊውንና እኔን ጨምሮ አምስት ነበርን። ሸራው ሁለት ጊዜ በላያችን ላይ ወደቀ። ሊቀመንበሩ ከሸራው ሥር ሆነው «ይህን ለቡድኑ ለጥፉት» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ምሬት ይሁን ትእዛዝ እስካሁን አልገባኝም።

አራት ሰዓት ገደማ አንድ አይሱዙ በራፉ ላይ ቆመ። ከወለንጪቲ ወዲያ ያሉ የሟች ዘመዶችና የዘመዶቻቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ቴሌግራም ስለሌላቸው ወሬው የደረሳቸው በኋላ ቀር መንገድ ነው፤ አዳማ ሽንኩርት አራግፎ የተመለሰ አንድ የመንደራቸው ሰው ማታውኑ ከቤት ቤት እየዞረ ነግሯቸዋል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሴቶቹ እንጀራውን በመሶብ፣ ቆሎውን በከረጢት ይዘው ወረዱ። ማንም ሳይጠይቃቸው ድንኳኑን ተከሉት። አስከሬኑን ተሸከሙ። መቃብር ቦታው ላይ አካፋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከእኛ ወገን ለሥራ የዋለው እጅ የእኔ ብቻ ነበር፤ እሱም ስልክ ይዞ ነበር። ፍራንኮ አካባቢ የሚኖሩ፣ ከመቃብሩ በባጃጅ ከሩብ ሰዓት በማይርቅ ቤት ያሉ አንድ አባል ቀብሩን በቪዲዮ እየተከታተሉ ስለነበር ስልኩን ማንሣት ግዴታዬ ሆነ።

«ትንሽ ዝቅ አድርገው» አሉኝ፤ «ፀሐይ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ዝቅ አደረግሁላቸው። አፈሩ ሲመለስ አይተው ከልብ አለቀሱ። እንባ ሲያፈስሱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዳጉ ከሆነም ያየሁት ነው፣ የሰማሁት አይደለም። ከዚያ ስልካቸው ተዘጋ። ባትሪ ይሆናል።

ከቀብር መልስ እጅ ታጥበን ንፍሮ እየቀመስን መዝገቤን ሞላሁ። «በቴሌግራም ተገኝቷል» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ስለሞላ ሌላ ገጽ መክፈት ነበረብኝ። ወለንጪቴዎቹን የምጽፍበት ቦታ ግን አጣሁ። አባል ስላልሆኑ «ተገኝቷል» ሊባሉ አይችሉም፤ እዚያው ፊቴ ተቀምጠው ንፍሮ እየበሉ «ቀርቷል» ማለትም አስቸገረኝ። ደንቡን ጠብቄ ተውኳቸው።

አይሱዙው ሊነሣ ሲል አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ። ከኪሳቸው በላስቲክ የታሰረች፣ ቁልፎቿ የጠፉ፣ ባትሪ መብራት ያላት ስልክ አወጡ።

«አንተ ነህ አሉ መዝገብ ያዡ» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ቁጥሬን ያዝልኝ። ሌላ ጊዜ ሞት ሲኖር እንዲህ በሽንኩርት ነጋዴ አንስማ። ሚስኮል ብቻ አድርግልኝ። ገንዘብህን አታውጣ፣ አላነሣውም። ሚስኮልህን ሳይ እመጣለሁ።»

ቁጥራቸውን በመዝገቡ የኋላ ሽፋን ላይ ጻፍሁት። በወሩ ስብሰባ እኚህ ሰው በክብር አባልነት ወደ ቡድኑ እንዲገቡ ሐሳብ አቀረብሁ። ኮሚቴው ጉዳዩን በጥንቃቄ መርምሮ ስልካቸው ቴሌግራም እንደማይቀበል ስላረጋገጠ፣ «ከማኅበረሰቡ ጋር ግንኙነት የሌላቸው» በሚለው ተራ መዝግቧቸዋል። ውሳኔው በዚያው ምሽት በቡድኑ ላይ ተለጥፎ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አውራ ጣት ሲጎርፍለት አደረ።