መልሱን የያዘ ብቻ ይጠይቅ

የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶችን የሚያማ ሰው አይጥመኝም። እዚህ ጅማ፣ ሁለተኛውን ስኒ ይዞ «ፕሮፖዛሌን ጣሉብኝ» የሚል መምህር ባየሁ ቁጥር እኔ አፍርለታለሁ። ሰዎቹ እኮ ለእኛው አዝነው፣ ጥናቱን ሳንጀምር ውጤቱን የምንጽፍበት ቦታ አዘጋጅተውልናል። «የሚጠበቅ ውጤት» ይላል ቅጹ። ከሥሩ የወራት ሰንጠረዥ አለ።

ባለፈው ዓመት እኔና ባልደረባዬ አንድ የማይረባ ጥያቄ ይዘን ቀረብን። እሸት ቡና የሚያጥቡ ሳይቶች ገለፈቱንና እጣቢውን ወደ ጅረት ሲለቁት፣ ውሃው ስንት ኪሎ ሜትር ወርዶ ነው ተመልሶ የሚጠራው? ባልደረባዬ ሰንጠረዡ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የምናገኘውን ካወቅንማ ገንዘቡን ለምን እንጠይቃለን?» አለ። ያልበሰለ ሰው! 18ኛው ወር ላይ «ግኝት» ብዬ ሞላሁለት። 19ኛው ላይ «ግኝቱን ማሰራጨት»። ጅረቱም ቀጠሮ አክባሪ ነው ብለን ነው እንግዲህ።

ቃላቱንም አጠብናቸው። «ጅረት» ወጥቶ «የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ሥነ ምህዳር» ገባ። «ሽታ» ጭራሽ ወጣ። «ገበሬ» ወደ «ባለድርሻ አካል» አደገ፤ ሹመቱን እስካሁን የነገረው የለም እንጂ።

ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። አንደኛው ገምጋሚ «ተደጋግሞ የተሠራ ነው» ብለዋል። ሁለተኛው «ከዚህ በፊት ስላልተሞከረ ያሰጋል»። እንዲህ ያለ ጥልቅ ንባብ ከየት ይገኛል? አሜሪካ ውስጥ 43 ገምጋሚዎች ለብሔራዊ የጤና ተቋሙ የቀረቡ 25 ማመልከቻዎች ተሰጥተዋቸው፣ ያንኑ ማመልከቻ ሲመዝኑ የነበራቸው ስምምነት እዚህ ግባ የማይባል እንደነበር በ2018 ታትሟል (ዓመቶቼ የፈረንጅ ናቸው፤ ቅጹ አስለምዶኝ ነው)። ይስማሙ ቢሆንማ አንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ የሌሎቹ አበል ለማን ሊቀር?

አውስትራሊያኖች በ2012 ለጤና ምርምር ገንዘብ 3,727 ማመልከቻ ለማዘጋጀት ያጠፉት ጊዜ ሲደመር 550 የሥራ ዓመት ገደማ ወጣው። ከአምስቱ አራቱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ይህን የሚነቅፍ አለ። እኔ ግን ሰዉ ያን ሁሉ ዘመን ላብራቶሪ ገብቶ ስንት ብልቃጥ ይሰብር እንደነበር ሳስብ ኮሚቴውን እመርቃለሁ።

ያሳፈረችን ኒውዚላንድ ናት። የጤና ምርምር ምክር ቤቷ ከ2013 ጀምሮ ለአንድ ዓይነት ድጎማ፣ መስፈርቱን ያለፉትን በዕጣ መለየት ያዘ። እንደ እቁብ! በኋላ ስዊሶችም ነጥባቸው ተቀራርቦ ለመለየት ያስቸገሩትን ዕጣ ማውጣት ጀመሩ። እቁብ እንኳ ሲያንስ ዳኛ አለው፤ ችግርህን ነግረህ፣ ተለማምጠህ ትቀድማለህ።

እዚሁ ጅማ አጠገብ፣ መልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ደግሞ በጊዜ ሠርተው አመለጡ። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 አገራችን ውስጥ ሲታይ፣ በሽታው ቡናውን በፈጀበት አካባቢ እየዞሩ እሱ ያልነካውን ዛፍ ፈለጉ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው በ1974 ስለተመረጡ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ገበሬው ይተክላቸዋል። አሁን ቢሆን «ዞረን ያልታመመ ዛፍ እንፈልጋለን» የሚል ፕሮፖዛል ከደጅ ነበር የሚመለሰው። ስንት ዛፍ? በስንተኛው ወር? ባለድርሻ አካላት ከዛፉ ጋር ተወያይተዋል?

ኅዳር ላይ ወደዚያ ጅረት ወርጄ ነበር። ውሃው ጠቁሮ፣ ላዩ አረፋ ይዟል። አንድ አባት ከብቶቻቸውን በዱላ ከዳር እየመለሱ፣ «ልጄ፣ ያ የጀመራችሁት ነገር ከምን ደረሰ? ውሃው መቼ ነው የሚጠራው?» አሉኝ።

ሰንጠረዡ በቃሌ ነው።

«በ18ኛው ወር፣ አባቴ» አልኳቸው።