ማስተካከያ፦ አራት ኪሎ ያበበው ኦሃይ አይደለም

ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ፎቶ ሲዞር ነበር። «ብርቅዬው የሃዋይ የባሕር ዳርቻ ቁጥቋጦ ኦሃይ፣ አራት ኪሎ አንድ ካፌ በር ላይ አበበ» ይላል። ኧረ አይደለም! ፎቶው ላይ ያለው ገበሬዎቻችን ለከብት መኖ የሚተክሉት ሰስባኒያ ነው።

እርግጥ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አበባቸው ግን ይለያል። የመኖው ቢጫ ነው፤ ጀርባው ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለው። ኦሃይ ወደ ብርቱካናማና ደማቅ ቀይ ያደላል፤ ቅጠሉም ብዙ ጊዜ ብርማ ጸጉር ይለብሳል። በተፈጥሮ የሚበቅለው ሃዋይ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ኦዋሁ ደሴት ጫፍ ላይ፣ ካዔና ፖይንት አሸዋ ውስጥ። አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት የተቃረበ ብላ መዝግባዋለች።

ዘሩን ከካፌው ለቅማችሁ የወሰዳችሁ፣ በግ ካላችሁ ትከሉት፤ ይወደዋል።