እርማት፦ የመርፌው ቀን ቢያልፍም የወር አበባ አይጠበቅም

እህቴ፣ «በወረርሽኝ ጊዜ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ቀኑ ካለፈ፣ የወር አበባ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው» ብለሻል። ለሰው ማሰብሽ ደስ ይላል። ይሄ ግን ልክ አይደለም፤ ጉዳትም አለው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ እኛ ወሎ ምን እንደሆነ ታስታውሻለሽ። መኪና በግማሽ እየጫነ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ከኩታበር ደሴ መውረድ ከበደ። የቀጠሮ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቀኑ ያለፈባት ሴት «አሁንማ ተበላሽቷል» ብላ ቤቷ ቀረች።

አልተበላሸም። ዴፖ፣ ማለትም የሦስት ወሩ መርፌ፣ የሚወሰደው በየ13 ሳምንቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን እስከ 4 ሳምንት ለዘገየች ሴት ያለምንም ተጨማሪ መከላከያ እንዲሰጣት ይፈቅዳል። ከዚያ ካለፈስ? እርጉዝ አለመሆኗ ከታወቀ ያኔውኑ ትወጋለች፤ ለ7 ቀን ኮንዶም መጨመር ነው። 2 ሳምንት ቀድሞ መወጋትም ይቻላል። መንገድ ሊዘጋ ነው ሲባል ይሄ ትልቅ ነገር ነው!

በተለይ «ጠብቂ» የሚለው ያስፈራኛል። ዴፖ ራሱ የወር አበባ ያስቀራል። እስኪመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እርግዝናው ደግሞ ሊቀድመው ይችላል።

ደሴ ድረስ መውረድም ግድ አይደለም። በቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መርፌውን በነፃ ትሰጣለች። እባክሽ ጽሑፍሽን አስተካክይው፤ ካርድ ይዛ የምታመነታ ሴት ልታነበው ትችላለች።